ዘይቤ ቆጠራና ቅኔ ቆጠራ

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በየክፍሉ፣ የፊልም ሂስም በየመድረኩና በየጋዜጣው ዓምድ ሲሰጥ አንድ ልማድ ሥር ሰዶ ይታያል። ይኸውም ከድርሰቱ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከፊልሙም አንድ ትዕይንት ይመዘዝና «ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱም «ተነጻጻሪ»፣ «ተለዋጭ»፣ «ሰውኛ»፣ «ምጸት»፣ «ተምሳሌት»፣ «ንግር»፣ «ምልሰት» ከሚሉት አንዱ ይሆናል። ስሙ ከተጠራ በኋላ ነገሩ እንዳለቀ ይቆጠራል። ተማሪው ነጥቡን ይይዛል፤ ሐያሲው ዓምዱን ይሞላል። ያ ዘይቤ በዚያ ቦታ ለምን እንደ ገባ፣ ምን ሥራ እንደ ሠራ፣ ባይኖርም ኖሮ ድርሰቱ ምን ያጣ እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህን ልማድ ጉዳት የሌለው የትምህርት ቤት ወግ አድርገው የሚመለከቱት አሉ። «ተማሪው ስሙን ይወቅ እንጂ ትርጉሙን ሲያድግ ይደርስበታል» ይላሉ። ሐሰት ነው። ስም መጥራትን የዕውቀት መጨረሻ አድርጎ የተማረ ሰው ሲያድግ የሚደርስበት ነገር የለም፤ ሲያድግ የሚሆነው ራሱ ስም ጠሪ መምህር፣ ስም ጠሪ ሐያሲ፣ አንዳንድ ጊዜም ስም ጠሪ ደራሲ ነው። የጉዳቱን መጠን ለመለካት ደግሞ ከአዲስ አበባ አዳራሾች ወጣ ብሎ፣ ይህ ትምህርት በሚደርስበት ሩቅ ክፍል ውስጥ ቆሞ መመልከት ይበጃል።

ከአሰላ በስተ ምሥራቅ፣ ከጭላሎ ተራራ ማዶ፣ ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት ደጋ ላይ ጢቾ ትገኛለች። በቀድሞው የአስተዳደር አከፋፈል አርሲ ጭላሎ፣ ጢቾና አርባ ጉጉ ተብሎ በሦስት አውራጃዎች ሲከፈል፣ የአንዱ አውራጃ መጠሪያ ነበረች። በዚያ አገር የሚወለደው አብዛኛው ልጅ አፉን የሚፈታው በኦሮምኛ ነው። ወላጆቹና አያቶቹ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ካገኙ የተማሩት በአማርኛ ነበር፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው ልጅ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል፤ አማርኛን የሚያገኘው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። የቋንቋው ሥርዓት ይህን ያህል ሲለወጥ ያልተለወጠ አንድ ነገር ቢኖር የዘይቤው ዝርዝር ነው። አባትም፣ ልጅም ያንኑ ዝርዝር ያንኑ በመሰለ መንገድ ሸምድደዋል።

ይህ ልጅ ወደ ክፍል ሲገባ ባዶ እጁን አይደለም የሚገባው። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንደሚል ሁሉ፣ የአርሲ ልጅም «ሂቦ» ለሚለው ጠሪ «ሂባካ» ብሎ ይመልሳል። አንድ ነገር በሌላ ነገር ስም ተሸፍኖ ይቀርብለታል፤ ልብሱን ገልጦ ገላውን ማየት አለበት። በአማርኛው ጨዋታ ያልመለሰ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እስከ ዛሬ «ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ነው» ብሎ ስሙን በመጥራት ብቻ አገር ከመስጠት የዳነ ልጅ የለም። እንቆቅልሽ የሚፈታው የሸፈነውና የተሸፈነው በምን እንደሚገናኙ ባየ ሰው ነው። የጢቾ ልጅ ከእንቆቅልሹ በላይ የሽማግሎችን ምሳሌያዊ ንግግር ሰምቷል፤ ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙ ምእመናን የሚያዜሙትን ባህሮ አድምጧል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ልጅ «ሰውኛ» እና «ተለዋጭ» የሚሉትን ስሞች አምታትቶ ሲገኝ «ሥነ ጽሑፍ አይገባውም» ይባላል። በዚህ ፍርድ የወደቀው ልጁ ነው ወይስ ጥያቄው?

ለዚህ ከሲንቄ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። ባለ ትዳሯ ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ እሪ ትላለች፤ የአካባቢው ሴቶችም የየራሳቸውን ሲንቄ እየያዙ ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስና እስኪታረቅ ድረስ ወደየቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ጦር ተማዝዞ ሳለም ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ ተጋዳዩ ማቆም ግድ ይሆንበታል። ዘይቤ ቆጣሪው ይህን በድርሰት ወይም በፊልም ውስጥ ቢያገኘው «ሲንቄ የሴቶች መብት ተምሳሌት ነው» ብሎ በአንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። ከቶ ምን ተናገረ? ያ ቀጭን እንጨት ሰው አይመታበትም፤ ነገር ግን ጦር ያስቆማል። በምን ኃይል? ከበትሩ ጀርባ ያልታለበች ላም፣ ያልነደደ ምድጃ፣ የሚፈራ እርግማን፣ በአንድነት የወጣ የሴት ሠራዊት ስላለ ነው። ተምሳሌት ኃይሉን የሚያገኘው ከጀርባው ከቆመው እውነተኛ ነገር ነው። ያ ነገር ካልተጠየቀ «ተምሳሌት» የሚለው ቃል ራሱ ባዶ በትር ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ስሞቹ አያስፈልጉም የሚል ክርክር አይደለም። ዳኛቸው ወርቁ በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን ሲያሳትም ለአማርኛ ጸሐፊ የሙያ መሣሪያውን በስም በስሙ አቅርቦለታል፤ አናጢ መጥረቢያውንና መላጊያውን ለይቶ የማይጠራ ከሆነ ከረዳቱ ጋር አይግባባምና። ዳኛቸው ግን ስሞቹን የደረደረው መመሪያውን ከማውጣቱ ከ15 ዓመት በፊት «አደፍርስ»ን ጽፎ፣ ብዙ አንባቢ ግራ የገባውን አዲስ አተራረክ በራሱ እጅ ሞክሮ ነው። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ስሙ። በክፍል ውስጥ የተያዘው ግን ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ ምንም።

በዚህ ረገድ የቅኔ ቤት ልማድ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት የሚያሳፍር ነው። ቅኔ ቤትም በስም የደኸየ አይደለም። ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ድረስ የቅኔ ዓይነት ሁሉ ስምና ልክ አለው፤ ሰምና ወርቁ፣ ኅብሩ፣ ውስጠ ወይራው ተለይቶ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የቅኔ ተማሪ የሚመዘነው ስሞቹን በመዘርዘር አይደለም። ከሰው ርቆ፣ ጫካ ገብቶ፣ ቤት እየመታ ያሰላስላል፤ ይህንንም «ቅኔ ቆጠራ» ይሉታል። ከዚያ በመምህሩ ፊት ያቀርበዋል። ቃሉ አንድ ሆኖ ግብሩ እንዴት እንደ ተለያየ ልብ ይሏል፤ በቅኔ ቤት መቁጠር ማለት መፍጠር ነው፤ በዘመናዊው ክፍል መቁጠር ማለት የሌላውን ሥራ እንደ ከብት መቁጠር ሆኗል።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ታወቁት ድርሰቶች ሲኬድ የመጀመሪያው ምስክር «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ካነበበው በኋላ፣ መጽሐፉን በእጁ ያልያዘ ገበሬ ሳይቀር ጉዱ ካሳን በድምፁ ለይቶ ያውቀው ጀመር። ጉዱ ካሳ በዘመኑ የነበረውን የኅብረተሰብ ሥርዓት ሕይወት ከሌለው የድንጋይ ካብ ጋር ያመሳስለዋል። በየክፍሉ ይህ ስፍራ ይነበብና «እንደ» የሚለው ቃል ስላለበት «ተነጻጻሪ ዘይቤ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። በዚሁም ይቀራል።

ካቡ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ጌጥ ሆኖ አልገባም። ካብ ማለት አንዱ ድንጋይ በሌላው ጫንቃ ላይ የተቀመጠበት ነገር ነው፤ የላይኛው ከፍ ብሎ የሚታየው የታችኛው ስለ ተሸከመ ብቻ ነው፤ የታችኛው የተንቀሳቀሰ ዕለት የሚወድቀው የታችኛው አይደለም። ሐዲስ ይህን ሐሳብ በጉዱ ካሳ አፍ አስነግረው አልተዉትም፤ በታሪኩ አካሄድ አሠሩት። የፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮች ተጨማሪውን ግብር አንሰጥም ብለው ሲነሡ፣ ሊያስገብሯቸው የዘመቱት ፊታውራሪ ተማርከው ሲዋረዱ፣ የታችኛው ድንጋይ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። እንግዲህ ያ ንጽጽር ለድርሰቱ እንደ ሕንጻ ንድፍ ነው። ንድፉን ከሕንጻው ጋር አስተያይቶ ያላነበበ ተማሪ «ተነጻጻሪ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ቢያገኝ እንኳ መጽሐፉን አላነበበም።

የጢቾ ልጅ ይህን ስፍራ በሌላ ዓይን ለማንበብ የሚያበቃው ታሪክ በቤቱ አለ። አያቱ ምናልባት ጢሰኛ ነበሩ። ጢሰኛ የሚለው ቃል ራሱ ምን ያህል ከባድ ዘይቤ እንደ ተሸከመ ስንቱ መምህር ለተማሪው ነግሮታል? ቃሉ የመጣው ከጢስ ነው። ሰውየው በስሙ ወይም በጉልበቱ አልተጠራም፤ ከጎጆው ክዳን ላይ በሚወጣው ጢስ ተጠራ። መሬቱ የሌላ፣ ከምርቱም ትልቁ ድርሻ የሌላ ሆኖ፣ የራሱ ነው ተብሎ የሚቆጠርለት ጢሱ ብቻ ነበር። ጢስን ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ በአሰላ ሥራ ከጀመረ በኋላ ማዳበሪያውና የተመረጠው ዘር ምርቱን ከፍ ሲያደርገው፣ ትራክተር የገዛው ባለመሬት ጢሰኛውን ከመሬቱ ማፈናቀል ጀመረ፤ ብዙ ጎጆ ጢሱ ጠፋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጢሰኝነት በሕግ ቀረ። ይህ ሁሉ ታሪክ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀብሮ ሳለ፣ ቃሉ በማንም ደራሲ ልብ ወለድ ገጽ ላይ የተፈጠረ ስላልሆነ ብቻ በዘይቤው ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም።

ኃይሌ ገሪማ ያንኑ ዓለም ወደ ሸራ ያመጣው በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ1966 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጡ በሚናጥበት ወቅት ሲሆን፣ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። በውስጡ አንዲት የገበሬ ልጅ በጎርፍ የተወሰደችን ላም ላድን ስትል ሰጥማ ትሞታለች። ላሟ የባለመሬቱ ናት። እዚህ ላይ «ምጸት» ማለት ይቻላል፤ ትክክልም ነው። ይሁን እንጂ የፊልሙ ታላቅ ዘዴ በየትኛውም የዘይቤ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ እርሱም ጊዜ ነው። ገበሬው ሲራመድ ካሜራው እርምጃውን ቆርጦ አይጥለውም፤ እስኪደርስ ድረስ ይጠብቃል። ተመልካቹ በመቀመጫው ላይ ይደክመዋል፤ ይሰለቻል። ያ ድካም ስሕተት አይደለም፤ ገበሬው በየቀኑ የሚኖርበት ድካም ጥቂቱ ለተመልካቹ ተካፍሎ ነው። ዝርዝሩን በእጁ ይዞ አዳራሽ የገባ ሐያሲ ግን ስም ያላገኘለትን ነገር አያይምና «ፊልሙ ዘገምተኛ ነው» ብሎ ይወጣል።

ስም የትርጉም ዋስትና እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሌላ ምስክር ከሩቅ አገር ቢመጣ አይከፋም። ሶቪየታዊው የፊልም ሰው ሰርጌይ አይዘንሽታይን በ1925 እ.ኤ.አ. በወጣው «አድማ» በተሰኘው ፊልሙ መጨረሻ ላይ ሠራተኞች ሲፈጁ ከሚያሳየው ትዕይንት ጋር በሬ ሲታረድ የሚያሳይ ትዕይንት አፈራርቆ አቅርቧል። በፊልም ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚጠቀስ የትዕይንት ቅንብር ነው። ዳሩ ግን ያው አይዘንሽታይን ይህ ቅንብር ከብቱን በገዛ እጁ ማረድ በለመደ ገበሬ ላይ የታሰበውን ያህል እንደማይሠራ ራሱ አምኖ ጽፏል። የከተማው ሠራተኛ የሚዘገንነው ደም ለገበሬው የዘወትር ነገር ነው።

ይህ ፊልም በአርሲ ደጋ ለሚኖር ከብት አርቢ ቢታይ ምን ይሆናል? በዚያ አገር የከብት ደም መፍሰስ የመዓት ምልክት ብቻ አይደለም። በጉማ ሥርዓት፣ ማለት የሰው ነፍስ ጠፍቶ ገዳይና ሟች ወገን በደም ካሣ ሲታረቁ፣ የሚታረደው እንስሳ ደም የሰውን ደም መፍሰስ የሚያቆም ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው «ጉማ» የተሰኘው ፊልም ስሙንም ጉዳዩንም የወሰደው ከዚሁ የደም ካሣ ልማድ ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የፊልም ሽልማትም በዚሁ ፊልም ስም ተሰይሟል። እንግዲህ አንዱ ተመልካች በታረደው በሬ ውስጥ እልቂትን ሲያይ ሌላው ዕርቅን ያያል። «ይህ ተምሳሌት ነው» የሚለው መልስ በሁለቱም ዘንድ እኩል ትክክል ነው፤ እኩልም ከንቱ ነው።

ጉዳዩ በጣም የሚያሳስበው ግን ዘይቤው ስለ ሕያው ሰው ሲሆን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት ተሟገተላት፤ ፍርድ ቤቱም ድርጊቱ ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከቅጣት የሚያድን ድንጋጌ ነበረው፤ ይህ ድንጋጌ የቀረው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን ታሪክ መሠረት አድርጎ የሠራው «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካች ሽልማት አገኘ።

የፊልሙ የመጀመሪያ ዘይቤ አርእስቱ ነው። ዘይቤ ቆጣሪው «ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙ ጀግንነት፣ ወርቁ መደፈር» ብሎ በደስታ ይመዘግበዋል። መዝግቦ ግን ዋናውን ነገር ይስተዋል። በአማርኛ ደፈረ የሚለው ግሥ ወንድ ሲያደርገው ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ያስመሰግናል፣ አንዱ ያስወነጅላል። ወንድ ልጅ «ደፋር» ሲባል ሙገሳ ነው፤ ሴት ልጅ «ደፋር» ስትባል ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው። ለሴቲቱ በልማድ የተተወላት «ተደፈረች» የሚለው የተደራጊነት ቅርጽ ብቻ ነበር። ፊልሙ የሚያደርገው ያቺን ልጅ ከተደራጊነት ወደ አድራጊነት ማሻገር ነው፤ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተደፍራ ደፈረች። አርእስቱ በሰዋስው ላይ የተካሄደ ክርክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (ጠለፋ የሚለውም ቃል ቢሆን በቀሚስ ላይ ከሚጠለፈው ጥልፍ ጋር ሥሩ አንድ መሆኑ፣ ቋንቋው ራሱ ስንት ነገር እንዳስጌጠ ያሳያል።)

ወደ ከፋው ነገር ስንመጣ፣ በፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ሂሩት ተብላለች። ሂሩት በግዕዝ በጎነት፣ ቸርነት ማለት ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ለተመልካች የቀረበው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም አርእስትም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ነበር። ያኛው አርእስት ሴት ልጅን በአባቷ በኩል ሲጠይቅ ይህኛው ፊልም ልጅቷን ራሷን ለምስክርነት ያቆማል። ይህን ማስተዋል ጥሩ ንባብ ነው። ሐያሲው ግን በዚህ ሳይረካ «ሂሩት የተበደሉት ሴቶች ሁሉ ተምሳሌት ናት» ይላል። ሆኖም በ2006 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ፊልሙ በአዲስ አበባ ተመልካች ፊት ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ፤ ምክንያቱም በእውነተኛዋ ባለታሪክ መብት ላይ የተነሣ ክርክር ነበር። ፊልሙ ከጊዜ በኋላ ታየ፤ ክርክሩ ያነሣው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ሰው ተምሳሌት ሲደረግ ስሙ ይወሰዳል፤ ታሪኩ የሁሉም ይሆናል፤ ለባለታሪኩስ ምን ይቀራል? ከጀርባው የቆመውን እውነተኛ ነገር የማይጠይቅ የዘይቤ ትምህርት ይህን ጥያቄ ሊያነሣ አይችልም። «ተምሳሌት» ብሎ ነጥብ የሰጠ መምህር ያቺን ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ስም አልባ አድርጓታል።

በዚያው ፊልም ምክንያት «ባህል የጭቆና ተምሳሌት ነው» የሚል ጥራዝ ነጠቅ ሂስ መስማትም የተለመደ ነው። የትኛው ባህል? ጠለፋውም፣ ጠለፋን የመሰለውን በደል እሪ ብሎ የሚያወጣው ሲንቄም በአንድ ደጋ ላይ የበቀሉ ናቸው።

በሌላ በኩል ተምሳሌት ያልሆነውን ተምሳሌት ማድረግም አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ የግራ ክንዱ ታጥፎ ወደ ደረቱ ተጠግቶ ይታይ ነበር፤ በልጅነቱ ደብተሩን በዚያ እጁ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ ስለ ነበር የቀረበት ልማድ ነው። የልጅነቱን ታሪክ በአርሲ ገጠር፣ በዘመዶቹ ተዋናይነት ያሳየው የሌስሊ ውድሄድ ፊልም ሲነሣ፣ ያ ክንድ «የትምህርት ፍቅር ተምሳሌት» ተብሎ ሲተነተን ይሰማል። ክንዱ ግን ምንም አይወክልም፤ ደብተሩ ቦርሳ እንዳልነበረው ብቻ ይናገራል። አሻራና ተምሳሌት ይለያያሉ። ለተምሳሌት ያሰበው ደራሲ አለው፤ አሻራን የሚተወው ኑሮ ነው። በአሰላና በጢቾ መካከል ያለ ልጅ ይህን ልዩነት ሳይነገረው ያውቃል።

በመጨረሻ ለዘይቤ ቆጣሪዎች የማይጥም አንድ ንጽጽር አለ። በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ዘይቤን ከልብ ያነበበው ሳንሱር ነበር። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» ባለው መጽሐፉ ገና በማኅፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ሲከራከር አቀረበ። መጽሐፉ ታገደ። ያገደው ባለሥልጣን «ይህ ሰውኛ ነው ወይስ ተምሳሌት?» ብሎ ራሱን አላደከመም፤ ፅንሱ የማንን አገር እንደ ናቀ ወዲያው ገባው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም ደግሞ መሸፈኛውን እጅግ አሳስቶ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሰዎች አንባቢ በሚለያቸው መልክ አቀረበ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። አንደኛው በወፍራም ሽፋን፣ ሁለተኛው በስስ ሽፋን ጻፉ፤ ሁለቱም ተነበቡ። ጠላት በዚህ ጥንቃቄ ያነበበውን ድርሰት ወዳጅ ነኝ የሚለው መምህር «ትክክለኛውን ፊደል ምረጥ» በሚል ጥያቄ ሲሸኘው ማየት ያሳዝናል።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው መከላከያ የታወቀ ነው። «ክፍሉ ብዙ ተማሪ አለበት፤ ፈተናው በአማራጭ መልስ ነው፤ ዘይቤው ምን ሥራ ሠራ ብለን ከጠየቅን እያንዳንዱ ተማሪ የተለየ መልስ ይጽፋል፤ ማን ያርመዋል?» ይባላል። ነገሩ እውነትነት አለው። ስለ ጉዱ ካሳ ካብ «ከታች ያለው ድንጋይ ቢናገር ምን ይል ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ የጢቾ ተማሪ ስለ አያቱ ጢስ ሊጽፍ ይችላል፤ ስለ ሲንቄ የተጠየቀችው ተማሪም እናቷን ጠይቃ መጥታ መምህሩ የማያውቀውን ልትነግረው ትችላለች። አማርኛው ቢጎድል በኦሮምኛ ታስረዳ፤ ዘይቤው በሁለቱም ቋንቋ ይሠራል። ይህን ማረም ያደክማል፤ በቁልፍ ወረቀት አይታረምም። የቅኔ መምህርም ግን መቼ በቁልፍ ወረቀት አረመ? ጫካ ሲቆጥር የዋለው ተማሪ በየተራ እየቀረበ የቆጠረውን ይነግረዋል፤ መምህሩም እያንዳንዱን ሰምቶ፣ የተበላሸውን እዚያው አቃንቶ፣ ቀጣዩን ይጠራል።